ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ በዘመኑ ፓወር ባንክ፦ ከቲንክፓድ ቲ42 ጋር ያሳለፍኩት ተሞክሮ

ይህን ተሞክሮ የምጽፈው በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ የቀረ ጠቃሚ ጽሑፍ ላላችሁ፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቶ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራችሁ መሐል ላይ ለሚቋረጥባችሁ ሰዎች ነው። እኔ ዘንድ ያለው ማሽን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ ያቀረበው ቲንክፓድ ቲ42 ነው። ከአጎቴ የተረፈ ሲሆን፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ የትውልድ ቀያቸውን ታሪክ፣ የደብሮቹን አመሠራረትና ከአረጋውያን የሰሙትን ቃል ለዓመታት ሲተይቡበት ኖረዋል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው የተጠቀመባቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። የአጎቴም ፋይሎች እንዲሁ ናቸው፤ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲገለበጡ የሚታየው ትርጉም የለሽ የምልክቶች ድርድር ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን የተቀየረውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር መስመር በመስመር ካላስተያዩት የትኛው ፊደል እንደተዛባ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ለረጅም ሰዓት በርቶ መቆየት ነበረበት።

መጀመሪያ የሞከርኩት፣ ማንም ሰው እንደሚያደርገው፣ አዲስ ባትሪ መግዛት ነበር። ለዚህ ሞዴል የሚሆን ባትሪ ዛሬም በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ይገኛል፤ ሆኖም የሊቲየም ባትሪ ሳይሠራበት ተቀምጦም ያረጃል፤ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ባትሪ ማሸጊያው አለመከፈቱ ብቻ አዲስ አያደርገውም። የገዛሁት ባትሪ ሙሉ መሆኑን ያሳይና ጥቂት ቆይቶ ድንገት ይዘጋል። ከዚያ አንድ ጠጋኝ የውስጡን ሕዋሳት አውጥቶ በአዲስ እንደሚተካቸው ነገረኝና ተስማማሁ። ሕዋሶቹ በእርግጥ ተተኩ፤ ነገር ግን በባትሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የአሮጌዎቹን ሁኔታ ስለምትመዘግብ፣ ሕዋሳቱ ሲነቀሉ ራሷን ቆልፋ ላፕቶፑ ባትሪውን ከነጭራሹ አልቀበልም አለ። በዚህ መንገድ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ጠጋኙ ሕዋስ መበየድ መቻሉን ብቻ ሳይሆን ይህችን ሰሌዳ እንዴት እንደሚይዛት አስቀድማችሁ ጠይቁት። በዘፈቀደ የተሰበሰቡ፣ አቅማቸው የማይመጣጠን ሕዋሳትን ማገጣጠም ደግሞ ለእሳት አደጋ በር የሚከፍት ሥራ ነውና በምንም ዋጋ አትቀበሉት።

ቀጥሎ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር ሞከርኩ። ይህ ዘዴ ይሠራል፤ ቤታችሁ ውስጥ ቀድሞውኑ ኢንቨርተር ካላችሁ ሌላ ነገር መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ጉድለቱ ግን 12 ቮልቱ መጀመሪያ ወደ 220 ቮልት ከፍ ብሎ፣ በላፕቶፑ ቻርጀር በኩል እንደገና ወደ 16 ቮልት መውረዱ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ኃይል ይባክናል። ሸክሙም ከባድ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣም አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። እኔ ማሽኑን ይዤ ወደ አጎቴ አገር መሄድና ያልተሟሉ ቦታዎችን ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ማረም ስለነበረብኝ አልተስማማኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ፓወር ባንክ ያሰብኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ስለሚያባክን ረጋ ብዬ ልግለጽ። ገበያ ላይ ከስልክ ፓወር ባንክ የሚወጣውን 5 ቮልት ወደ 12 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ የሚያደርጉ ገመዶች አሉ፤ ሻጩም ለላፕቶፕ ይሆናል ብሎ ሊያረጋግጥላችሁ ይችላል። ነገር ግን አንድ ተራ የዩኤስቢ መውጫ 5 ቮልት በ2 አምፒር ቢሰጥ ጠቅላላ ኃይሉ 10 ዋት ነው፤ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ዋቱን አይጨምረውም። የእኔ ላፕቶፕ ምንም ከባድ ሥራ ሳይሠራ፣ ጽሑፍ ብቻ ተከፍቶበት 20 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ገመድ ሲሞከር መብራቱ ብልጭ ይልና ፓወር ባንኩ ራሱን ይዘጋል። በፓወር ባንኩ ላይ በትልቁ የተጻፈው 20,000 ወይም 30,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚባለው ቁጥር ምን ያህል እንደያዘ እንጂ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል አይናገርም፤ የጀሪካን ትልቅነት የአፉን ስፋት እንደማይነግር ሁሉ። ስትገዙ ከመውጫው አጠገብ በትንንሹ የተጻፉትን የቮልትና የአምፒር ጥንዶች አንብቡ።

ነገሩ መስመር የያዘው ከላፕቶፑ ሆድ ሥርና ከዋናው ቻርጀር ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥሞና ካነበብኩ በኋላ ነው። የቲ42 ቻርጀር 16 ቮልት፣ 4.5 አምፒር፣ ማለትም 72 ዋት ነው። የጫፉ ሥዕል የመሐሉ ቀዳዳ ፖዘቲቭ፣ የውጩ ቀለበት ኔጋቲቭ መሆኑን ያሳያል። በሌላ በኩል ፓወር ዴሊቨሪ የተባለውን ሥርዓት የሚከተሉ የታይፕ ሲ ፓወር ባንኮች እንደ ድሮዎቹ በ5 ቮልት ብቻ የተወሰኑ አይደሉም፤ ከተሰካው ዕቃ ጋር በገመዱ ውስጥ ተነጋግረው 5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹም 12 ይጨምራሉ። 16 የሚባል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ምርጫው 15 ወይስ 20 የሚለው ነበር።

የመረጥኩት 15ን ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ላፕቶፑ የሚገባለትን ቮልት እንዳለ አይጠቀምበትም፤ በውስጡ ባሉ ማውረጃዎች አማካይነት ለአንጎሉ (ለፕሮሰሰሩ)፣ ለዲስኩና ለስክሪኑ ወደሚያስፈልጉት ዝቅተኛ መጠኖች ያወርደዋል። የራሱ ባትሪ 10.8 ቮልት ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 12.6 ገደማ ይደርሳል፤ 15 ከዚያ በላይ ስለሆነ ለማውረጃዎቹ በቂ ቦታ ይተውላቸዋል። የ1 ቮልት ጉድለት ማሽኑ ጥቂት ተጨማሪ አምፒር እንዲስብ ከማድረግ ያለፈ ችግር አላመጣብኝም። 20 ቮልት ግን ማሽኑ ከተሠራለት 4 ቮልት የሚበልጥ ነው፤ በመግቢያው ላይ ያሉት ክፍሎች ይህን እንዲችሉ አልተመረጡም። ይሁንና የእኔን ቁጥር በሌላ ላፕቶፕ ላይ በጭፍን አትጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የወጡት ቲ60ንና ኤክስ60ን የመሳሰሉ ቲንክፓዶች 20 ቮልት የሚፈልጉና ወፍራም ክብ ጫፍ ያላቸው ናቸው፤ ለእነሱ ተገቢው 20 ነው። በርካታ የቶሺባ ሞዴሎች ድሮውንም 15 ቮልት ስለነበሩ ለዚህ ዘዴ እጅግ ይመቻሉ። 24 ቮልት የሚፈልጉት የአፕል አይቡኮች ደግሞ በ20 ቮልት ይሠራሉ ብላችሁ መነሳት የለባችሁም።

አሮጌ ላፕቶፕ ከፓወር ባንክ ጋር መነጋገር አይችልም። ስለዚህ በመካከላቸው ሆኖ «15 ቮልት ስጠኝ» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ሻጮች ትሪገር ይሉታል። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ አንድ ቮልት ብቻ እንዲጠይቅ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ ሌላው በቁልፍ ከ5 እስከ 20 ድረስ የሚቀያየር ነው። ባለ ቁልፉ ሁለገብ ስለሆነ ያጓጓል፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ አጥብቄ የምመክረው የማይቀያየረውን ነው። እንደ እኔው አሮጌ ቲንክፓድ የነበረው አንድ ወዳጄ ባለ ቁልፉን ገዝቶ በሌላ ዕቃ ላይ በ20 ቮልት ሲጠቀምበት ቆየና፣ ሰሌዳው የመጨረሻውን ምርጫ እንደሚያስታውስ ሳያውቅ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አልበራም፤ ሲከፈትም ኃይል መግቢያው አጠገብ ያለ ክፍል ተቃጥሎ ተገኘ። የ20 ዓመት ማሽን ሰሌዳ ሲቃጠል ምትኩን ማግኘት ቀላል አይደለም።

በመሆኑም የማይታለፍ ልማድ አድርጉት፦ ጫፉን ላፕቶፑ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩት። ቀዩን ዘንግ በመሐሉ ቀዳዳ፣ ጥቁሩን በውጩ ቀለበት አድርጋችሁ ንባቡ ወደ 15 የተጠጋና ከፊቱ የመቀነስ ምልክት የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ። የመቀነስ ምልክት ካለ ሽቦዎቹ ተገለባብጠዋል ማለት ነው። ንባቡ 5 ወይም 9 ከሆነ ደግሞ ፓወር ባንኩ 15 ቮልትን አይሰጥም፤ ሰሌዳው የጠየቀውን ሲያጣ ወደሚገኘው ዝቅተኛ ቮልት ይወርዳልና። በርካታ ርካሽ ፓወር ባንኮች «ፒዲ» (ፓወር ዴሊቨሪ ለማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ቢኖራቸውም 9 ወይም 12 ቮልት ላይ የሚቆሙ በመሆናቸው ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። መለካት የሚያስፈልገው አንዴ ብቻ አይደለም፤ ፓወር ባንክ በተለወጠ፣ ገመድ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ነው።

የጫፉ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ያጓትታል። የቲ42 መሰኪያ የውጭ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር፣ የመሐሉ ቀዳዳ 2.5 ሚሊሜትር የሆነ ጫፍ ይፈልጋል። በየሱቁ በብዛት የሚገኘው የ2.1 ሚሊሜትሩ ሲሆን፣ ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ የ2.1ዱ በመሐሉ ዘንግ ላይ አልገባ ስለሚል ሰዎች በኃይል ይገፉትና መሰኪያውን ይሰብሩታል። የተቃጠለ አሮጌ ቻርጀር ካላችሁ ገመዱን ከነጫፉ ቆርጣችሁ ሰሌዳው ላይ ማስበየድ የተሻለ ነው፤ ጫፉ ትክክለኛ ከመሆኑም በላይ ሽቦው ለዚህ አምፒር የሚበቃ ውፍረት አለው። የተበየደውን ቦታ ሲሞቅ በሚሸበሸብ ፕላስቲክ ወይም በሌላ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር በደንብ ሸፍኑት።

በመጀመሪያው ሙከራ ላፕቶፑ ያለ ምንም ችግር ተነሳ፤ ሆኖም ሥራ እንደጀመርኩ ጠፋ። ምክንያቱን ያገኘሁት በመሐል በምትሰካ፣ ቮልትና አምፒር በምታሳይ ትንሽ የታይፕ ሲ መለኪያ ነው። በ15 ቮልት ሥርዓቱ የሚፈቅደው እስከ 3 አምፒር ስለሆነ ጠቅላላው 45 ዋት ነው፤ ዋናው ቻርጀር ግን 72 ይሰጥ ነበር። ልዩነቱን የሚበላው በዋነኝነት በማሽኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ነው። ደካማውን ባትሪ አውጥቼ ስሞክር ፍጆታው ግማሽ ያህል ወርዶ ማሽኑ ሰዓታት ሠራ። 100 ዋት የሚል ፓወር ባንክ ብትገዙም ይህ ገደብ አይቀየርም፤ ያ 100 ዋት የሚገኘው በ20 ቮልት ብቻ ነው፤ ለ15 ቮልት ተብሎ የ5 አምፒር ውድ ገመድ መግዛትም አይጠቅምም።

ባትሪው ከወጣ በኋላ የቀሩት ማሻሻያዎች ጥቃቅን ቢሆኑም ሲደመሩ ሰዓት ይጨምራሉ። የስክሪኑን ብርሃን በኤፍኤን እና በኤንድ ቁልፎች ዝቅ ማድረግ ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል። ዋይፋዩን በኤፍኤን እና በኤፍ5 መዝጋት፣ የሲዲ ማጫወቻውን ከጎኑ ስቦ ማውጣት፣ የአንጎሉን ፍጥነት ከዊንዶውስ የኃይል ምርጫ ውስጥ ወደ ቆጣቢው ማድረግም ይረዳል፤ ለጽሑፍ ሥራ የፍጥነቱ መቀነስ አይታወቅም። በክፍሉ ውስጥ ጨለማ ሲሆን ከስክሪኑ አናት ላይ ሆና የፊደል ገበታውን የምታበራው ትንሽ መብራት ኤፍኤን እና ፔጅ አፕ ሲጫኑ ትበራለች፤ የምትበላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መብራት በሌለበት ምሽት ግን ወረቀት ከአጠገብ አስቀምጦ ለሚያስተያይ ሰው ትልቅ ጥቅም ናት።

ትክክለኛውን 16 ቮልት ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ፒፒኤስ የሚባለውን ተጨማሪ ሥርዓት የሚደግፉ ፓወር ባንኮች ቮልቱን በ20 ሚሊቮልት ደረጃ እያስተካከሉ ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹም 16 ይደርሳሉ። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት ጠያቂው ወገን ጥያቄውን ቢያንስ በየ10 ሴኮንዱ ካላደሰ ፓወር ባንኩ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ተራው ትሪገር አይበቃም፤ ፒፒኤስ የሚደግፍ ውድ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ለቲ42 ይህን ያህል መድከም አስፈላጊ አይደለም።

ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ ለማስላት ሚሊአምፒር-ሰዓቱን ትታችሁ ዋት-ሰዓቱን ተመልከቱ። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚለካው በውስጡ ባሉት ሕዋሳት ቮልት፣ ብዙውን ጊዜ በ3.7 ነው፤ ስለዚህ 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ቮልቱ ከፍ ሲል የሚባክነውን ቀንሳችሁ 60 ገደማ እንደሚደርሳችሁ አስቡ፤ ማሽኑ 20 ዋት የሚበላ ከሆነ 3 ሰዓት ነው። ከውጭ አገር ዘመድ እንዲያመጣላችሁ የምታደርጉ ከሆነ፣ በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው መሆኑንና በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ እንደማይፈቀድ አስቀድማችሁ ንገሩት። ዋት-ሰዓቱ በግልጽ ያልተጻፈበት ፓወር ባንክ በፍተሻ ላይ ሊያስቸግረው ይችላል።

ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝና ማንም ያልነገረኝ ነገር የሚያጋጥመው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው። ፓወር ባንኩ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ እየሞላ ላፕቶፑንም ቢያሠራ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን በርካታ ፓወር ባንኮች ኃይል ሲገባላቸው ወይም ሲቋረጥባቸው መውጫቸውን ለቅጽበት ዘግተው እንደገና ይነጋገራሉ፤ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ፓወር ባንክ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ስልክ ሰክታችሁ፣ በሌላ በኩል ቻርጀሩን እየሰካችሁና እየነቀላችሁ የስልኩ ቻርጅ ይቋረጥ እንደሆነ ተመልከቱ። የሚቋረጥ ከሆነ ፓወር ባንኩን ከላፕቶፑ ጋር እያለ አትሙሉት። ሌላው መፍትሔ ያው ደካማ ባትሪ ነው፤ ካላበጠና ጥቂት ደቂቃ እንኳን የሚይዝ ከሆነ መብራት ባለበት ጊዜ በዋናው ቻርጀር ሙሉ በሙሉ ሙሉትና ወደ ቦታው መልሱት። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል ስለማይስብ የ45 ዋቱን ገደብ አይነካም፤ ለዚያች ቅጽበት ግን ማሽኑን ይደግፋል። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ወዲያውኑ አውጡት፤ አትውጉት፣ አትክፈቱት።

ሲበራ 161 ወይም 163 የሚል ቁጥር አሳይቶ ከቆመ ኃይሉን አትጠራጠሩ። ይህ ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቀው ትንሽ ክብ ባትሪ ማለቋን የሚያመለክት ነው። ቀኑ ተዛብቶ ሥራ ከቀጠላችሁ የምታስቀምጧቸው ፋይሎች የተሳሳተ ቀን ይይዛሉ፤ እንደ እኔ የትኛው ረቂቅ ኋለኛው እንደሆነ ከቀኑ ለመለየት ለሚሞክር ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለምና ቀኑን አስተካክላችሁ ጀምሩ።

ማሽኑ ተረጋግቶ መሥራት እንደጀመረ ለማረም አትቸኩሉ፤ የ20 ዓመት ዲስክ በማንኛውም ሰዓት ሊሞት ይችላል። በመጀመሪያው የፓወር ባንክ ሙሌት ሁሉንም ፋይሎች ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ፎንቶቹንም ከዊንዶውስ የፎንት ማኅደር ውስጥ አብራችሁ ውሰዱ፤ ያለ እነሱ ፋይሎቹ አይነበቡምና። ከዚያ እያንዳንዱን ሰነድ ፎንቱ በውስጡ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ገጽ መልክ በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እንደነበረ ይታያል። እኔም አሁን በዩኒኮድ የተቀየረውን ከዚህ ፒዲኤፍ ጋር እያስተያየሁ አርማለሁ፤ ቲ42ን የማበራው ፒዲኤፉ ላይ የሚያጠራጥር ፊደል ሲያጋጥመኝና ዋናውን ፋይል ከፍቼ ማየት ሲኖርብኝ ብቻ ነው።